በአንድ ድልድይ ያለፉ ሁለት መስመሮች

ኮምፒውተር የሰጠውን መልስ በእግሩ ሄዶ ካላረጋገጠ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። የእኛን «ክቡር እግሬ» እንላቸዋለን። ፊት ለፊት ግን ጋሼ ናቸው።

ሥራችን የፋይበር ኬብል በየት በኩል ቢቀበር ወጪው እንደሚቀንስ ማቀድ ነው። ለዚህ ሶፍትዌር አለን። ከተሞቹን አስገባለታለሁ፤ እሱም ሻይዬ ሳይቀዘቅዝ ርካሹን መንገድ ያወጣልኛል። ክቡርነታቸው ያንኑ መንገድ ለማየት ሳምንት ይፈጃሉ። ከዚያ ከነጭቃቸው መጥተው ምንጣፉ ላይ ይቆሙና «ማሽን እግር የለውም» ይላሉ።

አንድ ጊዜ ሶፍትዌሩ «ባዶ መሬት ነው» ያለውን ቦታ መቃብር ሆኖ አገኙት። እሺ፣ እዚያ ላይ ልክ ነበሩ። ሌላ ጊዜ ግን ስለ አንዲት ጉድጓድ አሥራ አራት ገጽ ሪፖርት ጻፉ። አሥራ አራት! በስብሰባ ላይ እጃቸውን ሲያወጡ አለቃችን ሰዓቱን ያያል፣ እኔ ጣሪያውን።

ከአንድ ወንዝ ማዶ ላለ ጤና ጣቢያ ሁለት መስመር አቀድኩ፤ አንዱ ቢቆረጥ ሌላው እንዲተካው። ሶፍትዌሩ አንዱን በቀይ፣ ሌላውን በሰማያዊ አሠመረው።

«ልጄ፣ እስቲ ወንዙን የሚሻገሩበት ድልድይ ጋ ወርጄ ልየው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ሁለት መስመር ነው እኮ! ደግሞ ምኑን ሊያዩት ነው?»

የመኪና ፈቃድ የምፈርመው እኔ ነበርኩ። አልፈረምኩም።

ኬብሎቹ ተዘርግተው ሥራ ከጀመሩ በኋላ ክረምት ገባና ጎርፉ ድልድዩን ጠርጎ ወሰደው። ቀዩም ሰማያዊውም አብረው ተበጠሱ። ለካ ድልድዩ ላይ ሁለቱም የሚያልፉት በአንድ ቱቦ ውስጥ ኖሯል። ሞባይሉም የሚሠራው በዚያው መስመር ስለነበር ጤና ጣቢያው ሁለት ቀን ሙሉ ከሰው ተለየ። ምጥ የጠናባት ሴት ነበረች። አምቡላንሱ በላይኛው መንገድ ዞሮ መድረስ ይችል ነበር፤ የሚጠሩበት ስልክ ግን አልነበረም። እናትየው ተረፈች። ሕፃኑ አልተረፈም።

ጋሼ «አላልኩህም?» እስኪሉኝ ጠበቅኩ። ቢሉኝ ይቀለኝ ነበር። እሳቸው ግን ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡና አንድ ወረቀት ሰጡኝ። ለአለቃችን የጻፉት ነው፤ ግማሽ ገጽ እንኳ አይሞላም። «ድልድዩን ማየት የእኔ ኃላፊነት ነበር። በስንፍና ሳልሄድ ቀርቻለሁ» ይላል። እሳቸውና ስንፍና!

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ውሸት ነው።»

«እኔ ለጡረታ ሦስት ወር ነው የቀረኝ። ምን ያደርጉኛል? አንተ ልጆች አሉህ።»

ስንት ዓመት ያሾፍኩባቸውን ሰው እንደ አባቴ እንደምወዳቸው ያኔ ነው የገባኝ። አፈርኩ። ወረቀቱን ቀደድኩና የራሴን መጻፍ ጀመርኩ። ስለ ሶፍትዌሩ ጻፍኩ፣ ስለ ቱቦው ጻፍኩ፣ ስላልፈረምኩት ፈቃድም ጻፍኩ። የሕፃኑን ነገር የቱ ጋ እንደማስገባው ግን ግራ ገብቶኝ እጄ ቆመ።

ጋሼ ወረቀቱን ትንሽ አዩት።

«መጀመሪያ ላይ ጻፈው» አሉኝ።