የባለነጥቡ ስህተት

በየመሥሪያ ቤቱ የሰው ስህተት ካላረመ ምሳ የማይወርድለት አንድ ሰው አይጠፋም። የእኛው ክቡር «ባለነጥቡ» ነበሩ፤ የደረቁ ዕፅዋት ክፍል ኃላፊ። የሠርጌን መጥሪያ እንኳ በቀይ እስክሪብቶ አርመው መልሰውልኛል። ሠርጉ ላይ አልመጡም።

ቅጽል ስሙ የወጣላቸው ከግድግዳቸው ካርታ ነው። ፕሪምሮዝ የምትባለው ቢጫ የተራራ አበባ የት የት እንደምትበቅል ያሳያል፦ ባለችበት ሙሉ ጥቁር ነጥብ፣ ከጠፋችበት ባዶ ክብ። ሠላሳ ዓመት ለፍተውበታል። አንዲት ነጥብ ለማስጨመር በጋዜጣ መሃል ተጭኖ የደረቀ ተክል ከነሥሩ ማቅረብ ግድ ነው። «በዓይንህ አይተሃል?» ይላሉ። አይቻለሁ ስትላቸው፣ «እኔስ በምን ልይ?»

አንድ ቀን በደቡቡ ገደል ከአበባዋ ሦስት አገኘሁ። ሦስት ብቻ። አንዷን ለመንቀል አንጀቴ አልቻለም፤ ፎቶ አንስቼ ተመለስኩ።

«ጋሼ፣ ይኸውልዎት።»

«ፎቶ ሥር አለው እንዴ?» አሉና ወደ ሻያቸው ዞሩ።

በዓመቱ ድንጋይ አውጪዎች ገደሉን ጠየቁ። ፈቃድ ሰጪው ቢሮ ካርታችንን አየ፤ እዚያ ቦታ ላይ ምንም የለም። ፈቀደ። ያን ቀን ጋሼን ጠላኋቸው፤ ቂሙ ዛሬም ጨርሶ አልለቀቀኝም።

እሳቸውም ፈቃዱን ሰሙ። በማግስቱ ያንን የታመመ ጉልበታቸውን እየጎተቱ ከእኔ ጋር ገደሉን ወጡ። ዶዘሩ ቀድሞናል። የተቆለለውን አፈር በእጃቸው ሲምሱ ቆይተው አንዷን አገኟት፤ ደቅቃለች፣ ሥሯ ግን አለ። በጋዜጣ ጠቀለሏት። ማስረጃው ተሟላ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ቢሮ እንደገባን ነጥቧን ካርታው ላይ አስቀመጡ። ሙሉ ጥቁር አደረጓት።

«ጋሼ፣ ጠፍታለች እኮ። ባዶ ክብ ነው የሚሆነው» አልኩ።

ዕድሜ ልካቸውን ሰው ሲያርሙ የኖሩት ሰው ቀና ብለው አላዩኝም። «ተዋት» አሉ። «እባክህ፣ ተዋት።»

አሁን ጡረታ ወጥተዋል፤ ካርታውን የወረስኩት እኔ ነኝ። እሑድ እሑድ እየደወሉ የጻፍኩትን ያርማሉ፤ ሳይደውሉ ከዋሉ ቅር ይለኛል። ባለፈው ሳምንት አዲሷ ባልደረባችን ያቺ ነጥብ ላይ ጣቷን አሳርፋ፣ «ይቺ ስህተት ናት። እዚያ እኮ ያለው የድንጋይ ካባ ነው» አለችኝ።

ተነሥቼ በእሷና በካርታው መሃል ቆምኩ።

«በዓይንሽ አይተሻል?» አልኳት።