ጋሽ ኮርሳና አሥራ አንድ ዓይነት ቡናማ

ሰፈር ሁሉ አንድ አስቁሞ የሚያሳይ ሰው አለው። እናንተ ታክሲ እንዳያመልጣችሁ ስትሮጡ ክንዳችሁን ለቀም አድርጎ «ቆይ እስቲ፣ ያንን ደመና አየኸው?» የሚል። ደመናውን ካላያችሁ አይለቃችሁም። ካያችሁት ደግሞ ጭራሽ አይለቃችሁም፤ ከሥሩ ያለውን ሐምራዊ ልብ ብላችሁት እንደሆነ ይጠይቃችኋል። ሌላ ቦታ እንዲህ ያለውን ሰው «ትንሽ ነካ ያደርገዋል» ብለው ያልፉታል። እኛ የለቡ ኮንዶሚኒየም ሰዎች ግን ማዕረግ ሰጥተነዋል፦ ክቡር ሠዓሊ ጋሽ ኮርሳ ዱጉማ፣ የበረሃው ባለ ሙሉ ሥልጣን አምባሳደር፣ የአሥራ አንድ ዓይነት ቡናማ ባለቤት።

ማዕረጉን ያወጣሁት እኔ ታሪኩ ነኝ። ሥራ ፈት ምላስ አለኝ፤ ያሳደገችኝ የጎረቤት ወሬ ናት። ጋሽ ኮርሳ ደግሞ በራቸው ከበሬ ትይዩ ስለሆነ ወሬ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገኝም።

ጋሽ ኮርሳ ሃያ ሁለት ዓመት ከባድ መኪና ነድተዋል። ከአፍዴራ ጨው ጭነው ወደዚህ፣ ባዶውን ይዘው ወደዚያ። ሌላው የጨው ሹፌር ከአፋር ይዞ የሚመጣው የተሰነጠቀ ከንፈርና ስለ ጎማ እሮሮ ነው። እሳቸው ይዘው የመጡት ቀለም ነው። ወገባቸው እምቢ ብሎ መኪናውን ባስረከቡ በሦስተኛው ቀን ፒያሳ ወርደው አንድ ሳጥን ፓስቴል ገዝተው ተመለሱ። ፓስቴል ማለት፣ ለማታውቁት፣ እንደ ጠመኔ ያለ...

ይህን ስጽፍ እንኳ ድምፃቸው ከግድግዳው ማዶ የሚሰማኝ ይመስለኛል፦ «ጠመኔ አይደለም፤ ፓስቴል ነው!»

አንድ ጊዜ ከሰፈራችን ትምህርት ቤት አንድ መምህር ጠመኔ አልቆባቸው «ሁለት ነጭ ቢሰጡን» ብለው መጡ። ነጭ ሳያገኙ፣ ስለ ነጭ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆመው ተምረው ሄዱ። ክፍል ውስጥ የቀሩት ተማሪዎች ያን ቀን ጋሽ ኮርሳን ሲመርቁ ዋሉ።

ፓስቴል ብሩሽ የለውም። ብሩሹ ጣት ነው። ስለዚህ ጋሽ ኮርሳ ድግስ ላይ ሰው ሲያጎርሱ የአፋርን ግማሽ አብረው ያጎርሳሉ። የኛ ብሎክ ሰው ምላሱን ቢያወጣ ወይ ብርቱካናማ ነው ወይ ሰማያዊ።

በሳቸው ፊት ግን ትልቁ ኃጢአት «ቡናማ» ብሎ ማለፍ ነው። አንድ ቀን ሊስትሮው ለደንበኛው «ቡናማ ልቀባው?» ሲል ሰምተው መንገድ አቋርጠው መጡ።

«የቱ ቡናማ? የግመል ጉልበት? የደረቀ አዋሽ? ወይስ ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ሰርዶ አጠገብ ያለው ድንጋይ?»

ሊስትሮው አሰበ፣ አሰበና «ጥቁር እቀባዋለሁ» አለ።

የቀብሩን ነገር ባልነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አልችልም። አንድ የእድራችን አባል አርፈው መካኒሳ አቦ ልንቀብር ሄድን። አፈሩ ሲመለስ ጋሽ ኮርሳ ጎንበስ ብለው አንድ እፍኝ አፈር መሐረባቸው ውስጥ ቋጠሩ። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። የሟች ባለቤት ይህን አይታ «ወይ ወዳጅነት! ወይ ፍቅር!» ብላ አዲስ ለቅሶ ጀመረች፤ ሕዝቡም ተከተላት። ስንመለስ ጠጋ ብዬ «ጋሼ፣ ይህን ያህል ትቀራረቡ ነበር?» ብላቸው መሐረቡን ፈተው አሳዩኝ።

«ተመልከት ታሪኩ። ቀይ መስሎህ ነበር አይደል? ከሥሩ ወይን ጠጅ አለበት!»

የዚህ ሁሉ ሰለባ ባለቤታቸው እትዬ አያንቱ ናቸው። ሳሎናቸው ስቱዲዮ ሆኗል። ለልጃቸው ምርቃት የተገዛው ባለ ሦስት መቀመጫ ሶፋ ላስቲኩን እንደለበሰ ኮሪደር ላይ በቁሙ ከተገተረ ሁለት ዓመቱ ነው። እኔ ቤቴ የምገባው በጎኔ ሾልኬ ነው። ፓስቴሉ ከወረቀቱ እንዳይረግፍ የሚረጨውም የእትዬ አያንቱ የፀጉር ስፕሬይ ነው። ስለዚህ የአፋር ተራሮች ነፋስ አይነቀንቃቸውም፤ የእትዬ አያንቱ ፀጉር ግን በየሰርጉ ይበተናል።

ባለፈው ጥር ከተማ ውስጥ የፓስቴል ሠዓሊዎች ዐውደ ርዕይ ሊከፈት ነው ተባለ፤ ስለ በረሃና ስለ ተፈጥሮ። አንድ ሰው የሚይዘው ቦታ ቀርቷል፤ ጋሽ ኮርሳም አመለከቱ። አዘጋጇ ወይዘሮ ትሩፋት ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ቤታቸው መጥታ ሥዕሎቹን ልታይ ቀጠረች። ይህን የሰሙት እትዬ አያንቱ ኮሪደር ላይ ሶፋቸውን ተደግፈው፣ ብሎኩ ሁሉ እየሰማ፣ አዋጅ አወጁ።

«ኮርሳ! ሴትዮዋ ከተቀበለችህ እሰየው። ካልተቀበለችህ ሰኞ ሶፋዬ ይገባል፣ በረሃህ ይወጣል። ሃያ ሁለት ዓመት እሱ ጋ ተመላለስክ፤ ጡረታ ስትወጣ ጭራሽ ይዘኸው ትመጣ?»

«እሺ» አሉ ጋሽ ኮርሳ። ፊታቸው ግን አሥራ ሁለተኛ ዓይነት ቡናማ ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። ከዚያ ሳምንት በፊት ሥጋ ቤት ቁጭ ብዬ፣ ለጨዋታ ማድመቂያ ያህል፣ «ጋሽ ኮርሳ እኮ የሚገለብጡት ጎማ ሻጩ ከሚያድለው ካላንደር ነው። ያቺ ግመላቸው መጋቢት ላይ ያለችው ራሷ ናት» አልኩ። ተሳቀ። አለቀ ብዬ ረሳሁት። ወሬዋ ግን ከለቡ ታክሲ ይዛ መካኒሳ ወረደች፣ እዚያ አንድ ፀጉር ቤት ገባች፣ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ደግሞ ትሩፋት ተቀምጣ ነበር።

ሐሙስ ማታ ጋሽ ኮርሳ በሬን አንኳኩ። ስልካቸውን እንደያዙ ነው።

«ታሪኩ፣ ሴትዮዋ ደውላ 'ከካላንደር ይገለብጣሉ፣ ግመሏም የመጋቢት ወር ናት የሚባል ነገር ሰምቻለሁ' አለችኝ። መምጣቱን እመጣለሁ፣ እውነት ከሆነ ግን አልቀበልዎትም አለች።»

«ሰው ክፉ ነው ጋሼ» አልኩ ጫማዬን እያየሁ። ጫማዬ ቡናማ ነበር። የቱ ቡናማ እንደሆነ አልጠየቁኝም። ያኔ ነው ነገሩ ምን ያህል እንደጎዳቸው የገባኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ብሎካችን ፊት ያለውን መንገድ እየቆፈሩት ነበር። አቧራው ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ይወጣል። ጋሽ ኮርሳ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ትሩፋትን ታክሲ መውረጃው ድረስ ሄደው ሊቀበሉ ሲወጡ ቁልፉን ሰጡኝ።

«ቤቱን ጠብቅልኝ። አደራ፣ አቧራ እንዳይገባ!»

እትዬ አያንቱ ገበያ ሄደዋል፤ ከተቆጡ ወዲህ ስፕሬያቸውንም ደብቀውታል። እኔና ገና ስፕሬይ ያልተረጨባት የአፍዴራ ሥዕል ብቻችንን ቀረን። ጋሽ ኮርሳ ስድስት ወር የለፉባት ናት። አረንጓዴ ሐይቅ፣ ነጭ ጨው፣ ከኋላ ፀሐይ ገና የነካችው ተራራ። ቀረብ ብዬ ሳያት ተራራው ላይ ደቃቅ፣ ቢጫማ አቧራ ሰፍሯል። የሠራሁት ጥፋት ሲበላኝ ስለሰነበተ በዚህ እንኳ ልካሳቸው አልኩ። የለቡ ሰው ደግሞ እጁ አቧራ አይቶ አያርፍም፤ ጠዋት የወለወለውን ቀን ደግሞ ይወለውላል፣ ማታ ያራግፋል። ጨርቅ አነሳሁ። በደንብ እንዲጠራ ውኃ ነከርኩት። አንድ ጊዜ ወለወልኩ። አቧራው ሄደ። ተራራውም አብሮ ሄደ።

ላስተካክል ብዬ ደገምኩ። ሐይቁ ሄደ።

በሩ ተከፈተ። ጋሽ ኮርሳ ከትሩፋት ጋር ቆመዋል። ሥዕሉን አዩ፣ ጨርቁን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ታሪኩ» አሉ በቀስታ፣ «ተራራውን የት አደረስከው?»

«አቧራ ነበረበት ጋሼ።»

«አቧራ አይደለም። ፓስቴል ነው።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጮኹ አሉት። እሱ ነው የገደለኝ።

ትሩፋት ግድግዳው ላይ ያሉትን ሌሎች ሥዕሎች አንድ በአንድ ዞራ አየች። «ያምራሉ» አለች። «ግን አባባ፣ ይህን ሁሉ ከምን አይተው...» አልጨረሰችውም። ሰዓቷን አየች።

«ስንት ደቂቃ አለሽ እህቴ?» አሉ ጋሽ ኮርሳ።

«ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው።»

«ይበቃል። አፍዴራ ሩቅ የሆነችው ለመኪና ነው።»

ኮታቸውን አውልቀው አሸከሙኝ። አዲስ ወረቀት ሰሌዳው ላይ ወጠሩ። ፓስቴሎቹን ቀጭ ቀጭ አድርገው ለሁለት ሰበሩ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉና፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ቀኝ እጃቸው የሌለ ማርሽ ላይ ሄዶ አረፈ።

«ሰርዶን ታጥፈናል» አሉ። «መስኮት ዝጊ።»

ትሩፋት ሳታውቀው እጇ ወደ መስኮት ተዘረጋ።

«ይሄ ጥቁሩ ድንጋይ ነው። ጥቁር ይሉታል እንጂ ጥቁር አይደለም፤ ጠዋት ላይ የበሰለ ሾላ ነው የሚመስለው። ሁለተኛ ማርሽ። እዚህ ጋ ረዳቴ ሁሌ ይተኛል፣ እኔ ብቻ ነኝ የማየው። አሁን ቁልቁለት ጀመረ። ቀስ... ፍሬን አይረገጥም... በስተግራሽ እይ!»

አውራ ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ ሳብ አደረጉት። ሐይቁ ወጣ።

ወሬ በብሎካችን ከእሳት ይፈጥናል። ሰዉ በሶፋው ጎን እየሾለከ በር ላይ ተከማቸ። ከኋላ ያለው የፊተኛውን ይጠይቃል።

«አፍዴራ ደረሱ እንዴ?»

«ገና፤ ጨው የሚጭኑበት ጋ ናቸው።»

«ግመሏስ?»

«አንዷ መጣች። ኧረ ሁለተኛዋም!»

ታች ቤት የሚኖር አንድ አዲስ ተከራይ አንገቱን አስግጎ «ጠመኔ እንዲህ ያበራል እንዴ?» አለ። ኮሪደሩ በሙሉ በአንድ ድምፅ መለሰለት፦

«ጠመኔ አይደለም፤ ፓስቴል ነው!»

ጋሽ ኮርሳ ዞር ብለው አላዩንም። ጆሯቸው ግን ቀላ።

በሃያ ሰባተኛው ደቂቃ ፀሐይ ተራራውን ነካችው። ያጠፋሁት ተራራ አልነበረም፤ ከእሱ የተሻለ ነበር፣ ምክንያቱም ያኛውን ስድስት ወር ተጠበውበታል፣ ይሄኛውን ግን ነዱት። ያን ጊዜ እትዬ አያንቱ ከነዘንቢላቸው ሰዉን ገፍተው ገቡ። ሥዕሉን ረጅም ጊዜ አዩ። «በየወሩ ጥለኸኝ የምትሄደው እዚህ ነበር?» አሉ። መልስ አልጠበቁም። መኝታ ቤት ገብተው ስፕሬያቸውን ይዘው ወጡ።

«እንካ እርጨው። ይሄ ሰውዬ ደግሞ ሳይወለውለው!»

ያ ሰውዬ እኔ ነኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ፤ አንዴ አፌ ከተከፈተ ደግሞ አይዘጋም። «የካላንደሩንም ወሬ ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ወይዘሮ ትሩፋት። ቀልድ ነበር። ካላንደር የሚባል እዚህ ቤት የለም።»

ጋሽ ኮርሳ ጣታቸውን እየጠረጉ ፈገግ አሉ።

«አውቄ ነበር» አሉ። «ግመሏን እስከነወሯ የሚያወራ በዚህ ሰፈር ሌላ ማን አለ?»

«ታዲያ ቁልፉን ለምን ሰጡኝ?»

«ጎረቤቴ ነህ። ለማን ልስጥ?»

ትሩፋት አሁንም ሥዕሉ ፊት ቆማለች። «አንድ ቦታ ነበር የቀረኝ» አለች፣ ለራሷ እንደምታወራ ሁሉ። ከዚያ ዞረች። «አባባ፣ አንድ ቦታ አይበቃዎትም። መግቢያው ፊት ያለውን ግድግዳ እለቅልዎታለሁ። በሙሉ።»

እልልታው ቆፋሪዎቹን ሥራ አስቆማቸው። እትዬ አያንቱ ወደ ኮሪደር ወጡና ሶፋቸውን በጥፊ መታ አደረጉት።

«አንተ እዚያው ቁም!»

በመክፈቻው ዕለት ብሎካችን በባለ ታክሲው ጎረቤታችን በሮበሌ ሚኒባስ ተጠቅጥቆ ወረደ። ሮበሌ ቀኑን ሙሉ ሥራ አቁሞ ነው የወሰደን፤ መንገድ ላይ ግን ጋሽ ኮርሳ ሁለት ጊዜ አስቁመውታል፣ አንዴ ለደመና፣ አንዴ የፉሪ ተራራን ዞረን እንድናይ። ማንም አላጉረመረመም። ግድግዳው ላይ ከሥዕሎቹ አጠገብ አንዲት ትንሽ ወረቀት አለች። «ኮርሳ ዱጉማ፣ ሠዓሊ» ትላለች። እትዬ አያንቱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሦስት ጊዜ አነበቧት፣ ከዚያ አንድ የማያውቁትን ሰው ጠርተው አራተኛ አስነበቡት። ፀጉራቸው ተበትኗል። ስፕሬዩ በሙሉ አፍዴራ ላይ ነው ያለው።

ዐውደ ርዕዩ ሲያበቃ ጋሽ ኮርሳ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዘውልኝ መጡ። ስፈታው ያ የወለወልኩበት ጨርቅ ነው፤ በመስታወት ውስጥ፣ ባማረ ፍሬም። ቢጫው፣ አረንጓዴው፣ ነጩ ተዥጎርጉሮ ደርቋል። ከሥሩ በእጅ ጽሑፍ «የታሪኩ የመጀመሪያ ሥራ» ይላል።

ሳሎኔ ውስጥ፣ ፊት ለፊት ሰቀልኩት። ባለፈው ሰሞን ቆጣሪ የሚያነብ ሰው መጥቶ፣ ቁጥሩን ጽፎ ሊወጣ ሲል ቀና ብሎ አየው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ክንዱን ለቀም አደረግኩት። «ቆይ እስቲ። ተራራው ይታይሃል?»

ሰውየው በትዕግሥት ተመለከተ። «እኔ ቡናማ ነገር ብቻ ነው የሚታየኝ» አለ።

በሩን ዘጋሁት።

«የቱ ቡናማ?»