የማክቬራኖች ዘር ቆጣሪ

በካናዳ፣ በኬፕ ብሬተን ደሴት ከጫፍ እስከ ጫፍ ብትዞሩ አንድ የዘር ሊቅ የሌለው መንደር አታገኙም። ሐኪም የሌለው መንደር አለ። ቤንዚን ማደያ የሌለው ሞልቷል። ቤተ ክርስቲያኑ ተዘግቶ የጀልባ ማከማቻ የሆነበትም አውቃለሁ። የዘር ሊቅ ግን አይታጣም። ስምህን ከመስማቱ በፊት የአባትህን ስም ይጠይቅሃል፤ የአባትህን ሳትጨርስ ወደ አያትህ ይሻገራል። ሻይ የሚቀዳልህ አያትህን ካስታወሰ በኋላ ነው።

የእኛ መንደር ሊቅ ክቡር ላክላን ማክቬራን ናቸው። እኛ ዘንድ ማክቬራን ያልሆነ ሰው በጣት ስለሚቆጠር በቤተሰብ ስም መጠራራት ለማንም አይበጅም፤ ስለዚህ ሁሉም ሰው ቅጽል አለው። ላክላን ሠላሳ ሰባት ዓመት ደብዳቤ ስላደሉ "ላክላን ፖስታ" ይባላሉ። አንድ ጊዜ ከቦስተን "ለአንገስ፣ አባቱ ከጣራ ለወደቀው" ተብሎ ብቻ የተጻፈ ደብዳቤ መጥቶ በማግስቱ ጠዋት ባለቤቱ እጅ ገባ። ላክላን ግን በላኪው ቅር ተሰኝተው ነበር። "የቤቱ ጣራ ይሁን የጋጣው መጻፍ ነበረበት። ሁለት አንገሶች እኮ አሉ" አሉ።

ጥያቄያቸው አንድ ናት፦ "የማን ልጅ ነህ?" ለሕፃንም ለጳጳስም ያቺው ናት። ከአራት ዓመት በፊት ደረታቸውን አሟቸው ከተማ ሆስፒታል ገብተው፣ ከሕንድ የመጣ አንድ ወጣት ሐኪም ሊመረምራቸው ጎንበስ አለ።

"ሕመሙ ወደ ክንድዎ ይሄዳል?"

"ይሄዳል። የማን ልጅ ነህ?"

ሐኪሙ ማዳመጫውን ከጆሮው አውጥቶ፣ ምንም ሳይገርመው፣ አባቱን አያቱን ቅድመ አያቱን እስከ ስድስተኛው ድረስ ቆጠረላቸው። ላክላን ነርሷን እርሳስ አስመጥተው ጻፉት። እስከ ዛሬ ስለዚያ ሕመም ሲያወሩ ልባቸውን አያነሱም፤ "በዚያ ሆስፒታል አንድ የተማረ ሰው አገኘሁ" ነው የሚሉት።

በዚያው ዓመት ነፋስ መስመሩን በጥሶት ለሁለት ቀን መብራት ሲጠፋ፣ ሊጠግን የመጣውን ሠራተኛ ከምሰሶው ሥር ቆመው ያዙት። ልጁ ከላይ ሆኖ "እናቴ የማርጋሬ መንደር ሰው ናት" ብሎ መልስ በመስጠቱ ተሳሳተ። መንደሩ በዚያ ስህተት ምክንያት አርባ ደቂቃ ተጨማሪ ጨለማ ውስጥ ቆየ። በቀብር ላይ ደግሞ ቄሱ ሟቿን "የአሌክስ የልጅ ልጅ" ሲሉ ከኋላ ወንበር "በእናቷ በኩል" የሚል ድምፅ ይሰማል። ቄሱ አሁን አሁን የስብከቱን ረቂቅ ቀድመው ይልኩላቸዋል።

የስማችንን አመጣጥ በተመለከተ ክቡርነታቸው ሁለት ጊዜ ሐሳባቸውን ለውጠዋል። እኔ ልጅ ሳለሁ ማክቬራኖች በመርከብ መጥተው ስኮትላንድን ያስገበሩ የኖርዌይ መሳፍንት ነበርን። ቆይቶ የአንድ ጳጳስ ዘበኞች ሆንን። በመጨረሻ አንዲት ትንሽ ደሴት ላይ ሰውና በግ የሚያሻግሩ ጀልበኞች መሆናችን ተረጋገጠ። ሚስታቸው ኤፊ የአጃ ብስኩት እያቀረበች "በዚህ አያያዛችን የሚቀጥለው ዓመት ዓሣ እንሆናለን" ብላለች።

ከዚህ በኋላ ያለው ግን ቤቴን የሚነካ ነው።

መንደራችን ሁለት ነው። ከስኮትላንድ ቀድመው የመጡት ሐይቁን ተከትሎ ለሙን መሬት ያዙ፤ እነሱ "ውሃ ዳር" ይባላሉ። ዘግይተው የመጡት ከኮረብታው ጀርባ ድንጋዩን ወሰዱ፤ እኛ "ኋላ ሰፈር" እንባላለን። ላክላን ውሃ ዳር ናቸው። አባቴ ሙርዶክ ኋላ ሰፈር ነው፤ የላክላን እኩያ፣ በአንድ ክፍል አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተማሩ።

የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት፣ በየሁለት ዓመቱ ነሐሴ ላይ የሚደረገው የማክቬራኖች ጉባኤ ሲጀመር፣ ላክላን አዳራሹ በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው ተቀመጡ። የገባ ሁሉ ዘሩን ይቆጥራል፤ ዘመድ የሆነ አረንጓዴ ሪባን፣ እንግዳ የሆነ ነጭ ሪባን ደረቱ ላይ ይደረግለታል። አባቴ የክት ኮቱን ለብሶ፣ በጭስ ያደረቀውን ዓሣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሄደ። ቆጠረ። ላክላን መዝገባቸውን ገለጡ። ከስኮትላንዷ ደሴት የመጣው አባታችን ኢየን አንድ ነው፣ ልጆቹ አምስት ናቸው፣ አምስቱም ውሃ ዳር ናቸው። ከሰባት ዓመት በኋላ የመጣው የእኛ ኢየን በመዝገቡ ቦታ የለውም። ስለዚህ የጌታውን ስም ወስዶ የመጣ አገልጋይ መሆን አለበት።

"ስሙ አለህ ሙርዶክ" አሉት በትሕትና፣ "ደሙ ነው የሌለህ።" ነጭ ሪባን ሰጡት።

አባቴ ዓሣውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ቤቱ ተመለሰ። ሪባኑን ላማችን አንገት ላይ አሰረላት። እስክትሸጥ ድረስ አድርጋው ኖረች፤ ደብዳቤ ሊያመጡ የሚመጡት ላክላን በየቀኑ እያዩዋት ያልፋሉ። ሁለቱ ስለ አየር ጠባይ ካልሆነ በቀር ቃል አልተለዋወጡም። አባቴም ጉባኤው ደጃፍ ድርሽ ሳይል ሃያ ሁለት ዓመት አለፈ። ነገሩ እንዳቆሰለው በተናገረው አይደለም የማውቀው። ነሐሴ በመጣ ቁጥር የክት ኮቱን አውጥቶ፣ አራግፎ፣ መልሶ ይሰቅለው ነበር።

ዘንድሮ ላክላን አዳራሹ ፊት የመታሰቢያ ድንጋይ ሊያቆሙ ቆረጡ። ጽሑፉን ራሳቸው አወጡት፦ "የሁላችን አባት፣ ኢየን ማክቬራን።" ድንጋዩ ተጠርቦ አልቆ በሸራ ተሸፈነ። ለጉባኤው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ከዚያች ትንሽ ደሴት ደብዳቤ መጣ። አንዲት ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ ላክላን በጠየቋቸው መሠረት፣ የቤተ ክርስቲያኑን የጥምቀት መዝገብ ገጽ በገጽ አይተው ነበር። በአንድ የማክቬራን ቤት ኢየን የሚባል ልጅ በ1796 ተጠምቋል። በ1803ም ኢየን የሚባል ልጅ ተጠምቋል።

ላክላን ሁለቱን ስሞች ቀድሞ አይተዋቸው ነበር። ከአርባ ዓመት በፊት የመዝገቡን ግልባጭ ሲያገኙ አንደኛውን "የጸሐፊው ስህተት" ብለው በቀይ እርሳስ ሰርዘውታል። አስተማሪዋ ግን እንዲህ ብለው ጽፈዋል፦ የመጀመሪያው ልጅ በአባቱ አባት፣ ሁለተኛው በእናቱ አባት መሰየም አለባቸው፤ ሁለቱም አያቶች ኢየን ነበሩ፤ ማን ማንን ያስቀይማል? ሁለቱም ልጆች ኢየን ተባሉ። ሁለቱም አድገዋል። ትንሹ ኢየን ቀድሞ ወደ ካናዳ ተሻገረ። ትልቁ ኢየን ወላጆቹን ሊጦር ቀረ። ሁለቱን በአንድ ክረምት ቀበረ፣ በጸደይ መርከብ ተሳፈረ።

ኤፊ ደብዳቤውን አንብባ መነጽሯን አወለቀች።

"ላክላን፣ ከድልድዩ ማዶ ላለው ቤት ስንት ዓመት ደብዳቤ አደረስክ?"

"ሃያ ምናምን።"

"ለማን ለማን?"

"ለትልቁ ዶናልድና ለትንሹ ዶናልድ።"

"ወንድማማቾቹ።"

ላክላን በዚያ ሳምንት ማንንም የማን ልጅ እንደሆነ አልጠየቁም። ኤፊ በስልክ "ታመዋል መሰለኝ፤ ትናንት የመጣ ቧንቧ ሠሪ ሳይጠየቅ ሄደ" አለችኝ።

በሰባተኛው ቀን አሮጌ መኪናቸው ኮረብታውን እያቃሰተች ወጣች። አባቴ ጓሮ እንጨት ይፈልጥ ነበር፤ እኔ በረንዳው ላይ ነበርኩ።

"ደመናው ከምዕራብ ነው" አለ አባቴ ቀና ሳይል።

"የመጣሁት ለደመናው አይደለም። ሙርዶክ፣ የማን ልጅ ነህ?"

"ሠላሳ ሰባት ዓመት ደብዳቤ ስታመጣልኝ ለማን ነበር የምትሰጠው?"

"እየጠየቅኩህ ነው።"

አባቴ አንድ ግንድ ፈለጠ። ከዚያ መጥረቢያውን ተደግፎ "ሙርዶክ የሮድሪክ፣ ሮድሪክ የኒል፣ ኒል የሄክተር፣ ሄክተር የኢየን" አለ። "እዚህ ላይ ነበር ያስቆምከኝ።"

"የትልቁ ኢየን" አሉ ላክላን። "የእኛ ትንሹ ነው። በአምስተኛው ቤት እንገናኛለን። ታላቁ ቤት እናንተ ናችሁ። መሬት ያጣችሁት እናት አባት ስትቀብሩ ዘግይታችሁ ነው። ጽፌዋለሁ፤ ይኸው።" ወረቀቱን ዘረጉ።

አባቴ ወረቀቱን አልተቀበለም። "እኔ እኮ አውቀው ነበር" አለ። "የማታውቀው አንተ ነበርክ።"

"አዎ።"

"ሞራግ፣ ሻይ ጣጂ" አለኝ። ሻዩን ቆመው ጠጡ። ስለ ጉባኤው ግን እመጣለሁም አልመጣምም አላለም። ላክላንም ለመጠየቅ አልደፈሩም።

ድንጋይ ጠራቢው አዲስ ድንጋይ በጊዜ አይደርስም አለ። ከስሙ ሥር ግን አንድ መስመር ቦታ ነበር።

የጉባኤው ቀን አባቴ ኮቱን አውጥቶ አራገፈ። መልሶ ሊሰቅለው ነው ብዬ ስጠብቅ ለበሰው። አዳራሹ በር ላይ ሰልፍ ነበር፤ ተሰለፍን። ላክላን ከጠረጴዛው ጀርባ ሆነው ገና ከሩቅ አይተውናል። ተራችን ደረሰ። እንደ ሥርዓቱ ጠየቁ፣ አባቴ እንደ ሥርዓቱ ቆጠረ፣ አረንጓዴው ሪባን ቀረበ።

አባቴ አልወሰደውም። ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ አለ።

"አንተስ? የማን ልጅ ነህ?"

በሃያ ሁለት ዓመት ላክላን ፖስታን ይህን የጠየቀ ሰው የለም። እሳቸው ብድግ አሉ። ኮፍያቸውን አወለቁ። "ላክላን የአንገስ" አሉ፣ "አንገስ የማልኮም፣ ማልኮም የአላስደር፣ አላስደር የትንሹ ኢየን።"

አባቴ ከጠረጴዛው ላይ አንድ አረንጓዴ ሪባን አንሥቶ በላክላን ደረት ላይ ሰካው።

"እሺ" አለ። "ዘመድ ነህ። ግባ።"

ድንጋዩ ዛሬም አዳራሹ ፊት ቆሟል። "የሁላችን አባት፣ ኢየን ማክቬራን" ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ፣ ጠበብ ባለ ፊደል፣ "እና ወንድሙ ኢየን ማክቬራን።" ከሩቅ የሚመጡ ሰዎች ጠራቢው ሰክሮ ነው ብለው ይሥቃሉ። ላክላን አጠገቡ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ይጠብቋቸዋል፤ አባቴም ብዙ ቀን አብሯቸው አለ።

ባለፈው ሳምንት ላክላን ዳሌያቸውን ሊታከሙ ሄደው አግዳሚው ባዶ ነበር። በመኪና ሳልፍ ከኦንታሪዮ የመጡ ባልና ሚስት ድንጋዩን ፎቶ እያነሱ ሲሥቁ አየሁ። አለፍኳቸው። ድልድዩ ጋ ስደርስ ግን መኪናዋ በራሷ የዞረች መሰለኝ። ተመልሼ ወረድኩና፣ ገና ሰላም ሳልላቸው፦

"የማን ልጆች ናችሁ?" አልኳቸው።