ማሽኑ ያላወቃቸው ጋሽ አላምረው

ሰው ሥራ ገባ የሚባለው መቼ ነው? ግቢውን ሲረግጥ? ኮቱን ወንበሩ ላይ ሲሰቅል? በሰው ኃይል አስተዳደር ስንት ዘመን ስሠራ ይህን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። እናንተም ቢሮ የምትውሉ ከሆነ ባትጠይቁ ይሻላል፤ ነገር ያመጣል።

ቢቸና ያለው መሥሪያ ቤታችን (ስሙን ተዉኝ፣ እንጀራዬ ነው) የጣት አሻራ ማሽን ያስገባ ጊዜ ግን ጥያቄው መልስ አገኘ። ሥራ መግባት ማለት ጣት ማስነካት ሆነ። በዚህ ደግሞ የሚስተካከለን ጠፋ። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተሰልፈን እናስነካለን፤ ከዚያ ቁርስ አለ፣ ሻይ አለ፣ ለቅሶ አለ፣ የታመመ መጠየቅ አለ። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን እያለከለክን ተመልሰን መውጫችንን እናስነካለን። በወሩ መጨረሻ ኃላፊያችን ሪፖርቱን ሲያነቡልን፣ ይህን ያህል ታታሪ መሆኔን ሰምቼ እኔው ራሴ ደነገጥሁ።

ወሩን ሙሉ ቀሪ የሆኑት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ የመዝገብ ቤቱ ጋሽ አላምረው። እውነቱን ለመናገር ሰውየው ከክፍላቸው ንቅንቅ አይሉም። ችግሩ ጣታቸው ነው። ከሥራ መልስ የራሳቸውን ጤፍ ሲያርሙ የኖሩ ሰው ናቸውና አሻራቸው ተፍቆ አልቋል። ጠዋት ጠዋት ጣታቸውን በሱሪያቸው ወልውለው ይሞክራሉ፤ ማሽኑ ይጮኽባቸዋል። "ዛሬም አላውቅህም አለኝ" ብለው ወደ ፋይሎቻቸው ይገባሉ። ይህን ሁሉ በዓይኔ እያየሁ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፍሁላቸው። ሁለተኛም ጻፍሁ። በሦስተኛው ጉዳያቸው እስኪወሰን ታገዱ፤ ውሳኔው ስንብት እንደሚሆን ደግሞ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ምነው ዝም አልህ ትሉኝ ይሆናል። ማሽን ያለውን ማን ይቃወማል?

በታገዱ በሳምንቱ ሲስተር ዘምዘም ከሞጣ መጡ። ጡረታ ሊወጡ ነው። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ያገለገሉት እዚህ ቢቸና ስለሆነ፣ ይህን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ እስከ ነገ ሞጣ ካላደረሱ ዓመታቱ እንዳልነበሩ ሊቆጠሩ ነው። ኮምፒውተሩን ጠየቅሁት፤ የለም አለ። መዝገብ ቤት ገብቼ በፊደል ተራ ፈለግሁ፤ ተራ የሚባል ነገር የለም። እስከ ምሳ ሰዓት አቧራ ስቅም ቆየሁ።

"የኔ ልጅ፣ ግማሹን የቢቸና ሰው ያዋለድሁት እኮ እኔ ነኝ" አሉኝ ሲስተር በሩ ላይ ቆመው። ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ። ምን ላድርግ፣ ጋሽ አላምረው ቤት ሄድሁ።

አንዲት ክፉ ቃል ሳይናገሩ ኮታቸውን ለብሰው ተከተሉኝ። መዝገብ ቤቱ ስንደርስ መደርደሪያዎቹን በእጃቸው እየዳሰሱ ወደ መስኮቱ በኩል አለፉ። "ወዲያ ያለው የደጀን መንገድ ነው፤ ይሄኛው የሞጣ። ይሄ ግንደወይን... ሞጣ!" ብለው ፋይሉን መዘዙት።

"ምን ዓይነት አደራደር ነው ጋሼ?"

"ሠራተኛ ሲዛወር ፋይሉን በሄደበት መንገድ ነው የማስቀምጠው። ተመልሶ ሲፈልገው በየት ሊመጣ ኖሯል?"

ደብዳቤው ተጽፎ፣ ማኅተም ተመትቶ ሲስተር ዘምዘም ጋሽ አላምረውን ሲመርቁ ሲመርቁ የመጨረሻው መኪና ላይ ደረሱ። እኔ ቀጥታ ኃላፊያችን ዘንድ ገባሁ። አፍሬ ነበር፤ ያየሁትን ሁሉ ተናገርሁ፣ ጣታቸውንም፣ ደብዳቤዎቼንም። ኃላፊያችን ክፉ ሰው አይደሉም። እገዳውን በዚያው ቀን አንሥተው ማስታወቂያ አወጡ፤ ማሽኑ ጣቱን የማያነብለት ሠራተኛ ከእንግዲህ የገባበትን ሰዓት ራሱ በወረቀት ጽፎ ይፈርም።

ጋሽ አላምረው ሰኞ ጠዋት ሥራቸው ላይ ሊገኙ፣ ወረቀቱ ላይ ሊፈርሙ መጡ። ረጅም ሰልፍ ጠበቃቸው። ከመሥሪያ ቤታችን ሠራተኛ ግማሹን ማሽኑ አላነብም ብሎታል። ጋሽ አላምረው የሰልፉ ጅራት ላይ ቆመው አንድ በአንድ ተመለከቱን።

"እግዜር ይማራችሁ" አሉ ከልባቸው አዝነው። "ሁላችሁንም ባንድ ቀን?"

"አሜን" አልሁ እኔ፣ ከሰልፉ ሦስተኛ ሆኜ።