ስለ ናኢማ ጥርስ የተያዘ ቃለ ጉባኤ

የሰው ጥርስ የባለቤቱ የግል ንብረት ነው የሚል የተሳሳተ አመለካከት በአንዳንድ ወጣቶች ዘንድ ሲንጸባረቅ ይስተዋላል። ምስጋና ለሐጂ ኢብራሂም ይግባቸውና፣ ይህ አመለካከት ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ዳር ብዙም ከማይርቀው ቤታቸው በደረሰ ጊዜ ተገቢው ምላሽ ተሰጥቶታል። ሐጂ ኢብራሂም የመረብና የገመድ ነጋዴ ናቸው። ከንግዱ ይልቅ ግን የሚታወቁት በሰብሳቢነታቸው ነው። የእድሩን፣ የገበያውን፣ የውኃ መስመሩን፣ የኮብልስቶኑን ኮሚቴ ሁሉ ሰብስበዋል። ሁለት ሰው ቆሞ ሲያወራ ካዩ እንኳ ጠጋ ብለው «ለመሆኑ ሰብሳቢው ማን ነው?» ይላሉ፤ የለም ከተባሉ ኃላፊነቱን ወዲያው ይረከባሉ።

ልጃቸው ናኢማ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ከሐይቁ ማዶ ደልጊ ላለው ለጀልባ ሠሪው ለአንዋር ታጭታ ሠርጉ ከአረፋ በዓል በኋላ እንዲሆን ተቆርጧል። በላይኛው ረድፍ በስተግራ በኩል አንዱ ጥርሷ ጎረቤቱ ላይ ተሳፍሯል። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆናት አንድ የክፍል ጓደኛዋ በዚህ ከሳቀባት ወዲህ ናኢማ የሻርፗን ጫፍ አፏ ላይ ሳታደርግ ስቃ አታውቅም፤ ስታወራም እንደዚያው። ነገሩ ያሳዝናል። ያሳዘነው ግን እሷን ብቻ ስለነበረ በጉባኤ ደረጃ ሳይታይ ቆይቷል።

አንድ ቀን ቁርስ ላይ «አባየ፣ ጥርሴን ላሳስር ነው» አለች።

«በምን?»

«በሽቦ። ቀስ እያለ ያቃናዋል። ከሠርጌ በፊት ልጀምረው ብየ ነው።»

«መጀመሩስ መልካም ነበር። ማን አጠናው?»

«ሐኪሙ።»

«ሐኪሙማ ሐኪም ነው። በሰው ታይቷል ወይ ነው የምልሽ!»

በሰው አለመታየቱ ታወቀ። ስለዚህ በዚያው ሳምንት ሐጂ ኢብራሂም የሚመሩት፣ ሰባት ሽማግሌዎች ያሉበት፣ የናኢማን ጥርስ ጉዳይ የሚመረምር ጉባኤ ተቋቋመ። ጸሐፊው መስዑድ ሆነ። መስዑድ የሐጂ የእህት ልጅ ሲሆን ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቶ ጡረታ የወጣ፣ የሰማውን ሁሉ ሳያጎድል የሚጽፍ፣ የጻፈውን ግን መልሶ የማያስብ ታማኝ ሰው ነው።

ጥርስ የሚያቃናው ዶክተር ጥዑመ ልሳን ወደ ክሊኒኩ የሚመጣው በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ነው። ጉባኤውም መደበኛ ስብሰባውን በዚያው ቀን፣ በክሊኒኩ እንግዳ መቀበያ እንዲያደርግ ተወሰነ። ጉንጫቸው ያበጠ ታካሚዎች ከወንበር ተነሥተው ደጅ በመቆም ለጉባኤው ያላቸውን አክብሮት ገለጹ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ዶክተሩ ናኢማን መርምሮ የጥርሷን ቅርጽ በጀሶ ካወጣ በኋላ ጉባኤው አስጠራው። መስዑድ መነጽሩን አድርጎ ደብተሩን ገለጠ።

«ጥያቄ አንድ። ያማል ወይ?»

«ሽቦው ሲገባና በየጊዜው ሲጠብቅ ሦስት አራት ቀን ይጠዘጥዛል። ከዚያ ይለመዳል» አለ ዶክተሩ።

«‹ያማል› ብየ ልያዘው ወይስ ‹አያምም›?»

«‹መጠነኛ› ብለህ ያዘው» አሉ ሐጂ።

«ጥያቄ ሁለት። ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ከዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት።»

ሐጂ ኢብራሂም እንደ አባት ፈገግ አሉ። «ዶክተር፣ ልጄ፣ እኛ ያለን አራት ወር ነው። በዘመቻ ቢሠራስ?»

«ጥርስ በዘመቻ አይሄድም ሐጂ። ከቸኮልንበት ሥሩ ይጎዳል።»

«ሕዝቡ ቢተባበርስ?»

«ሕዝቡ አፏ ውስጥ ምን ያደርጋል?»

መስዑድ «የሕዝብ ተሳትፎ ዝቅተኛ ነው» ብሎ ጻፈ።

«ጥያቄ ሦስት። ዕድሜዋ አላለፈም ወይ?»

«ድዱና አጥንቱ ጤነኛ ይሁን እንጂ ስልሳ ዓመት የሞላውም ሰው ያሠራል።»

በዚህ ጊዜ ሰባቱም የጉባኤው አባላት ባልታወቀ ምክንያት አፋቸውን ገጥመው ለጥቂት ጊዜ ወደ መስኮቱ ተመለከቱ። ቀጣዩን ጥያቄ ያቀረቡት ሐጂ ራሳቸው ናቸው።

«ደልጊ የምትሄደው በጀልባ ነው። ሐይቅ መሀል ሽቦው መብረቅ አይስብም?»

«አይስብም።»

«ዝገትስ?»

«አይዝግም።»

«እኔ ገመድም ሽቦም እሸጣለሁ። ውኃ አግኝቶ ዝም ያለ ሽቦ አላየሁም።»

«ይኸኛው ዝም ይላል።»

ዓሣ አጥንቱ ተለቅሞ ከሆነ እንደሚበላ፣ ቆሎና ሸንኮራ ግን ለሁለት ዓመት እንደማይቀመስ፣ ከየማዕዱ በኋላም ጥርስ መቦረሽ እንዳለበት ዶክተሩ በትዕግሥት አስረዳ። በመጨረሻ ሽቦው ከወጣ በኋላ ጥርሱ ተመልሶ ይጣመም እንደሆነ ተጠየቀ። ጥርሱን ባለበት የሚይዝ ማቆያ ካላደረገች ቀስ በቀስ ሊመለስ እንደሚችል ሲናገር ሐጂ ጭናቸውን መታ መታ አደረጉ፤ ጥርስ እንኳ ያደገበትን ቀዬ አለመርሳቱ ደስ አላቸው። ጉባኤው ጉዳዩ በጥልቀት እንዲታይ ወስኖ ተበተነ።

ሁለተኛው ስብሰባ እጅግ ፍሬያማ ነበር። አካሉ «ጉባኤ» ይባል ወይስ «ኮሚቴ» የሚለው ሐሳብ ተነሥቶ ሦስት ሰዓት ከተከራከሩ በኋላ፣ ማኅተም የሌለው አካል ጉባኤ ቢባል ይሻላል በሚል ስምምነት ላይ ተደርሷል። በዚያ ቀን ናኢማ ውስጠኛው ክፍል ብዙ ቆየች። አባቷ ለምርመራ ነው ብለው ገመቱ፤ ገምተውም ወደ አጀንዳው ተመለሱ።

ችግሩ የመጣው በሦስተኛው ስብሰባ ነው። ወሬው ደልጊ ደርሶ ኖሮ የአንዋር አጎት ሐጂ ሙሀመድአወል አራት ሽማግሌ አስከትለው ሐይቁን ተሻገሩና ክሊኒኩ በር ላይ ቆሙ።

«አሰላሙ አለይኩም ያ ጀማዓ።»

«ወአለይኩሙ ሰላም። ግቡ፣ ተቀመጡ።»

«የመጣነው ለመቀመጥ አይደለም» አሉ ሐጂ ሙሀመድአወል እየተቀመጡ። «ለሽምግልና ስንመጣ ልጅቱን አይተናታል። ያች የተደረበችው ጥርስ የደም ግባቷ ናት። አይተን ወደድናት፣ ወደንም ቃል አሰርን። አሁን ሌላ ጥርስ ልትሰጡን መሆኑን ሰማሁ።»

«ኧረ ሌላ አይደለም፣ ያው ጥርስ ነው! ቦታ ነው የሚቀይረው።»

«እሱን አይደል የምልዎ? ቦታዋን ከለቀቀች ያየነው ቀርቶ ያላየነው ሊመጣ ነው። ጥርሷ ከተነካች ቃሉም እንደ አዲስ ይታያል።»

ሐጂ ኢብራሂም ደነገጡ። ልጃቸውን ይወዳሉ፤ በዚህ ቀልድ የለም። የተቆረጠ ሠርግ ፈርሶ ናኢማ ቤት ስትቀር፣ ሰው ደግሞ «ምን አይተውባት ይሆን?» ሲል በዓይናቸው መጣባቸው። ሌላ አባት ቢሆን ልጁን ጠርቶ «አንቺ ምን ትያለሽ?» ይላት ነበር። ሐጂ ኢብራሂም ግን ልምድ ያላቸው ሰው ናቸውና ጉባኤውን ወደ ጥምር ጉባኤ አሳደጉት።

ከዚያ ወዲያ ሥራው በጀሶው ላይ ሆነ። ያ የናኢማ ጥርስ ቅርጽ ጠረጴዛው መሀል ይቀመጣል፤ ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ እየተቀባበሉ በመፋቂያ ጫፍ እየነኩ ይወያዩበታል።

«ይችኛዋ ትንቀሳቀስ፣ አንከለክልም። ያችን ግን ተዉልን» ይላሉ የደልጊዎቹ።

«ያችን ካልነካናት ይቺ የት ትሂድ?»

«በመካከለኛ መንገድ እንያዘው። ከተሳፈረችበት ትውረድ፣ ነገር ግን ርቃ እንዳትሄድ።»

ዶክተር ጥዑመ ልሳን ጓንቱን እያወለቀ ብቅ ሲል ይህን ሰማ። «አባቶቼ፣ ጥርሶቹ እኮ የናኢማ ናቸው» አለ።

«ታዲያ አይደሉም ያለ አለ?» አሉ ሐጂ ሙሀመድአወል ቅር ብሏቸው። «እኛ የምንነጋገረው ስለ አቀማመጣቸው ነው።»

በእነዚህ ሳምንታት ናኢማ በየስብሰባው ቀን በመሀላቸው በአክብሮት ጎንበስ ብላ ታልፋለች፣ ውስጥ ክፍል አንድ ሰዓት ያህል ትቆያለች፣ አፏን በሻርፗ ይዛ ትወጣለች። ቤት ውስጥም የሰሊማ ማዕድ ተቀየረ። ሰሊማ የናኢማ እናት ናት፤ ድንገት ሾርባ፣ ገንፎና የተፈጨ ሥጋ በየቀኑ ታቀርብ ጀመር። ሐጂ ለውጡን በበጎ ጎኑ ተመለከቱት፤ እየበሉም ስለ ናኢማ ጥርስ ለናኢማ በሰፊው ማብራሪያ ሰጧት። እሷ አንገቷን ደፍታ ሾርባዋን ትጠጣለች። ልጅ እንዲህ ስትሰማ ደስ ይላል።

በስድስተኛው ስብሰባ ባለ ዘጠኝ አንቀጽ ስምምነት ለፊርማ ቀረበ። አንቀጽ አራት የተደረበችው ጥርስ እስከ ሠርጉ ማግሥት ድረስ ባለችበት እንድትቆይ፣ ከዚያ በኋላ የሁለቱ ወገን ታዛቢዎች ባሉበት ቀስ ብላ እንድትወርድ ይደነግጋል። ሙሽራውም ይፈርም ተብሎ አንዋር ከደልጊ መጥቷል። ረጅም፣ እጁ በመጥረቢያ የሻከረ፣ ንግግር የማያበዛ ወጣት ነው።

«ና፣ አንዋር» አሉ አጎቱ ጀሶውን እያስጠጉለት። «የወደድሃት ጥርስ የትኛዋ ናት? በጣትህ አሳየንና ይመዝገብ።»

አንዋር ጀሶውን አገላብጦ አየው። «እኔ ይኸን አላውቀውም።»

«የናኢማ ጥርስ ነው እኮ!»

«ይሆናል። ጥርሷን አይቼ አላውቅም ነበር፣ ስትስቅ ትሸፍነዋለች። ያየሁት ባለፈው ወር ነው፣ ያውም በደንብ አልታየኝም።»

«ምን ከለለህ?»

«ሽቦው ነዋ።»

መስዑድ «ሽቦው ነዋ» ብሎ ጽፎ ቀና አለ። የውስጡ በር ተከፈተና ናኢማ ወጣች። የሽማግሌዎቹን ፊት አየች፣ አንዋርን አየች፣ ነገሩ ገባት፤ ሳቋ አመለጣት። የሻርፗ ጫፍ ትከሻዋ ላይ ነበረ፣ አላነሣችውም። ሽቦው ከዳር እስከ ዳር ብልጭ አለ። አንዋር እየሳቀ ጀሶውን ጠረጴዛው ላይ መለሰው። «ይኸውላችሁ፣ ያምርባታል። ቃሉ ቃል ነው፤ እኔ ከዚህ ሌላ የምፈርመው የለኝም» አለ።

«ለዚህ ነው አራት ጊዜ ሐይቅ ያሻገራችሁኝ?» አሉ ሐጂ ሙሀመድአወል፤ ማንንም መቆጣት ስላልቻሉ ጀሶውን ተቆጡት።

ሐጂ ኢብራሂም ወደ ዶክተሩ ዞሩ። «መቼ ነው የገባው?»

«በሁለተኛው ስብሰባችሁ ቀን። ሁለት ወር አለፈው።»

«ምነው ታዲያ ዝም አልኸን?»

«የታካሚ ነገር ከሐኪም አፍ አይወጣም ሐጂ። ደግሞ እናንተ ስትጠይቁኝ የነበረው ‹ቢገባ› እያላችሁ ነው። ‹ገብቷል ወይ?› ያለኝ ሰው የለም።»

ሐጂ ልጃቸውን አዩዋት። ሰብሳቢነታቸው ለጊዜው ከድቷቸው አባት ብቻ ሆኑ፤ ድምፃቸውም ቀጠነ። «ናኢማ፣ እኔ አባትሽ አይደለሁም? አትነግሪኝም ነበር?»

«ነገርሁዎት እኮ አባየ።»

«ለኔ?»

«ለእርስዎ። እዚችው ወንበር ላይ ሆነው። በገባልኝ ቀን፣ ሳይውል ሳያድር። ከዚያ ወዲያ እኔም ዝም አልሁ። እማየ ብቻ ናት የምታውቀው።»

«አልነገርሽኝም! መስዑድ፣ ቃለ ጉባኤው ይታይ» አሉ ሐጂ ኢብራሂም፤ ድምፃቸው ተመለሰላቸው። «ተነግሮ ቢሆን ይያዝ ነበር። ያልተያዘ ነገር አልተነገረም ማለት ነው።»

መስዑድ ቅጠሉን ገለጠ፣ ሌላውን ገለጠ፣ አንዱ ገጽ ላይ ቆመ። ጉሮሮውን ጠራረገ፤ መነጽሩን አውልቆ በጋቢው ጫፍ መወልወል ጀመረ።

«አንብብ እንጂ!»

«ጋሼ፣ ብንተወውስ?»

«ጮክ ብለህ አንብብ። ጥምር ጉባኤው ይስማ።»

መስዑድ አነበበ። «ሁለተኛ መደበኛ ስብሰባ፣ ተራ ቁጥር አምስት። በውይይቱ መካከል አንዲት ወጣት ከውስጥ ክፍል ወጥታ ‹አባየ፣ ሽቦው ገባልኝ፣ እስቲ እዩልኝ› በማለት አፏን ከፍታ ለጉባኤው አሳይታለች። ጉባኤውም የቀረበው ሐሳብ ከአጀንዳ ውጭ መሆኑን በመገንዘብ፣ ወጣቷ አፏንና በሩን ዘግታ እንድትወጣ በሙሉ ድምፅ ወስኗል።»

ከሥሩ ሰባት ፊርማ አለ። የመጀመሪያው የሐጂ ኢብራሂም ነው።