አርባው የወጣለት ፕላስቲክ

የምሥራች! መሬት በልታዋለች፤ ጥርግ አድርጋ! የማን ምሥራች እንደሆነ እነግራችኋለሁ፤ መጀመሪያ ግን ሰውየውን ተዋወቋቸው።

በየሰፈሩ አንድ «ራሴ ካላየሁ አላምንም» ባይ አለ። የእኛ፣ የካልጋሪው ፋልከንሪጅ ሰፈር፣ ክቡር ጋሼ ርእሶም ናቸው። ወተት ላይ የተጻፈውን ቀን አያነቡም፤ ያሸታሉ። ሐኪም «ግፊትዎ ደህና ነው» ሲላቸው «በየትኛው ማሽን?» ይላሉ። ለቅሶ ቤት ገብተው እንኳ «ማን አረጋገጠ?» ብለው የጠየቁ ሰው ናቸው።

ልጃቸው ስምረት በዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ፣ እሷ «ላብ» በምትለው፣ ባክቴሪያ ታረባለች። እነዚህ ፍጥረቶች ምግብ ሲተርፋቸው እንደ ስብ በሆዳቸው የሚያጠራቅሙት ነገር ፕላስቲክ ነው፤ ያውም የሚበሰብስ። ግን እንደ ደረቅ ቂጣ ይሰበራል። ስምረት በኬሚካል ጎኑ ላይ ሌላ ሞለኪውል ቀጠለችበትና እንደ ቆዳ ተለጠጠላት። እንዲህ ከተለወጠ በኋላ አፈር ውስጥ ያሉት ጀርሞች ይበሉታል? ካልበሉት የአራት ዓመት ልፋቷ ተራ ፌስታል ሆኖ ቀረ።

«ባባ፣ ላብ ውስጥ ቴስት አድርገነዋል፣ ሲሪየስሊ!»

«በስንት ዲግሪ?»

«ሃምሳ ስምንት።»

«የካልጋሪ መሬት ሃምሳ ስምንት ዲግሪ ሆኖ ያውቃል?»

ሐምሌ መግቢያ ላይ ጋሼ ጓሯቸው ውስጥ ሦስት ጉድጓድ ቆፈሩ። በመረብ ከረጢት ቋጥረው በአንዱ የግሮሰሪ ፌስታል፣ በአንዱ ያልተለወጠውን የባክቴሪያ ፕላስቲክ፣ በሦስተኛው የስምረትን ቀበሩ። አፈር ከመሩበት፤ እንጨት ተከሉበት፤ ቀን ጻፉበት። ከዚያ በየጠዋቱ ጎንበስ ብለው ያንሾካሹኩ ጀመር። አንድ ቀን በአጥሩ ቀዳዳ ሳይ ፀጉሬ ቆመ። የደን ቃጠሎው ጭስ ሰፈሩን ውጦት ፀሐይ ደም መስላለች። ሦስት ትናንሽ መቃብሮች። አንድ ሽማግሌ።

«ከማን ጋር ነው የሚያወሩት፣ ጋሼ?»

«ከበዪዎቹ ጋር» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «አርባው ቅዳሜ ነው። ያኔ አወጣዋለሁ።»

በወዲያኛው አጥር ያሉት ጎረቤታችን እትዬ ገበያነሽ ይህን ሰምተው ኖሮ፣ ቅዳሜ ጠዋት ጥቁር ለብሰው ንፍሮ ይዘው ከች አሉ።

«እግዜር ያጥናዎ። ማንን ነው የቀበሩት?»

«ፕላስቲክ።»

«የክርስትና ስሙስ?»

ጋሼ አካፋቸውን አነሱ። ፌስታሉ ጽሑፉ እንኳ ሳይደበዝዝ ወጣ። ያልተለወጠው ከረጢት ባዶ ነበር። ሦስተኛውን ከረጢት አወጡ። ቋጠሮው እንዳሰሩት ነው፤ መረቡ አልተቀደደም። ፈቱት። ምንም የለም። ቀዝቃዛ፣ እርጥብ አፈር ብቻ። እትዬ ገበያነሽ አማተቡ። እኔም የቆምኩባት መሬት ጥርስ እንዳላት ያን ጊዜ ነው የገባኝና ሳላስበው አንድ እግሬን አነሳሁ።

ጋሼ ከረጢቱን ገለበጡት፤ አሸተቱት፤ ወደ ቀዩዋ ፀሐይ ይዘው አዩት።

«አሁንስ አመኑ?» አልኳቸው፣ ላሾፍባቸው ፈልጌ።

«እኔ እሷን መቼ ተጠራጠርኩ?» አሉ ድምፃቸው እየሰለለ። «እዚያ ትልልቆቹ ፕሮፌሰሮች ፊት ሥራዋን ልታስረዳ ስትቆም አንዱ ‹በእውነተኛ አፈር ሞክረሻል?› ቢላት፣ አንገቷን እንዳትደፋ ብዬ ነው።»

ስንት ዓመት ስቄባቸዋለሁ መሰላችሁ! አሁን አካፋቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል፤ ደውለው እንዳይነግሯት እንባ ይቀድማቸዋል። እሷም ብትሆን ላብ ውስጥ ስልክ አታነሳም። እትዬ ገበያነሽ፣ እስቲ እሳቸውን ይያዙልኝ! የመኪናዬ ቁልፍ የት ገባ? ዞር በሉ፣ ዞር በሉ፤ እኔው ሄጄ ልንገራት!