የማግኔት ድንበር በታክሲ ሰልፍ

[ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ፣ የአምስት ኪሎ ታክሲ ሰልፍ መሃል። ዘርዓብሩክ ዛሬ ስለ ማግኔት ያጠናውን ለፊዚክስ መምህራን ያቀርባል፤ ከወደዱለት የዶክትሬት ዕድሉ የእሱ ነው። አብሮ አደጉ ገነነ ሊያጅበው ወጥቷል። ዘርዓብሩክ ግን ገና ከቤት ሲወጡ «ምን ሆኜ ነው ይሄን ሰው ይዤ የወጣሁት?» ማለት ጀምሯል።]

ዘርዓብሩክ፦ «ድንበር እግር የለውም» ትለኛለህ? በል ጥናቴን ቅደድልኛ!

ገነነ፦ ኧረ እኔ አልወጣኝም! ድንበር ይሄዳል ስትል ማን ገፋው አልኩ እንጂ። ድንበር የገፋ ይከሰሳል።

ዘርዓብሩክ፦ ፋራ! የመሬት ሳይሆን የማግኔት ድንበር ነው። ማግኔት ውስጥ እልፍ ቅንጣቶች ተሰልፈዋል። አንዱ ጎራ ሽቅብ ያያል፣ ሌላው ቁልቁል። የሚገናኙበት ቦታ ድንበር ነው።

ገነነ፦ ተጣልተው ነው?

ዘርዓብሩክ፦ [ዓይኑን ሰማይ ሰቅሎ] አልተጣሉም! ሁሉም ጎረቤቱ ወዳየበት ማየት ይወዳል። ድንበሩ ላይ የቆመው ግን አንዱ ጎረቤቱ ሽቅብ፣ ሌላው ቁልቁል ያያል። ቢዞርም ባይዞርም አንዱን ያስደስታል፣ አንዱን ያስከፋል። ስለዚህ መዞር አይከብደውም። እሱ ሲዞር ድንበሩ ይሻገራል፤ ማንም ሳይራመድ!

ገነነ፦ ወላዋይ ነዋ።

ዘርዓብሩክ፦ በኳንተም ፊዚክስ ደግሞ ሽቅብም ቁልቁልም ባንድ ጊዜ ነው!

ገነነ፦ እንዲህ ያለ ሰውማ ሰፈራችን ሞልቷል።

[ዘርዓብሩክ ደሙ ፈላ። ይሄን ደንቆሮ ያላስረዳ እነዚያን መምህራን እንዴት ሊያስረዳ ነው? ወደ ሰልፈኛው ዞረ።]

ዘርዓብሩክ፦ ወገኖቼ! ከኔ ፊት ያላችሁ እንዳላችሁ ሁኑ። ከገነነ ጀምሮ ኋላ ያላችሁ፣ እስቲ ወደ ኋላ ዙሩልኝ!

[ታክሲ ጠፍቶ የሰለቸው ሰልፈኛ እየሳቀ ዞረ። ገነነም ዞረ።]

ዘርዓብሩክ፦ አየህ? ድንበሩ በኔና ባንተ መሃል ነው። እኔ ስዞር [ዞረ] ወደ ፊት ሄደ። ስመለስ [ተመለሰ] ተመለሰ።

ገነነ፦ ዘርዓ፣ ታክሲ…

ዘርዓብሩክ፦ [ጀርባውን እንደሰጠ] አታቋርጠኝ! ያንተ ችግር አለመስማት ነው።

ገነነ፦ ኧረ ታክሲው…

ዘርዓብሩክ፦ ዝም! ለዚህ ነው ጭንቅላትህ ውስጥ ምንም የማይገባው። ድንበሩን አንድ ቅንጣት ብቻውን አይወስነውም፤ ሁሉም ተያይዘው ነው። ገባህ? … ገነነ? … ገባህ ወይ?

[ዞር አለ። ሚኒባሱ በሰልፉ ጭራ በኩል ቆሞ፣ ወደዚያ ዞረው የነበሩትን ሁሉ ጭኗል። የመጨረሻዋን ወንበር የያዘው ገነነ ነው። በሩ ተዘጋ። ዘርዓብሩክ እየሮጠ መስኮቱን ደበደበ።]

ዘርዓብሩክ፦ ውረድ! የማቀርበው እኔ ነኝ እኮ!

ገነነ፦ እንዴት ልውረድ፣ መኪናው ተነሳ! መምህራኑ የት ቀረ ቢሉኝ ምን ልበላቸው?

ዘርዓብሩክ፦ ምንም! አንተ ምን አውቀህ ነው? አፍህን እንዳትከፍት!

ገነነ፦ [አንገቱን በመስኮት አውጥቶ] ግድ የለም፣ ገብቶኛል፤ ድንበሩ ላይ ቀረ እላቸዋለሁ!